ደመወዝ ያልተከፈለበት ሥራ ሲቪ ላይ ይገባል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ደመወዝ የሚባል ግን እስካሁን በእጄ ገብቶ አያውቅም። አጎቴ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ይገዛል፤ በቡና ወቅት መዝገቡን የምይዝለት እኔ ነኝ፣ ግን ቤተሰብ ስለሆነ ሥራ አይባልም። ሲቪ ልጽፍ ቁጭ ብዬ «የሥራ ልምድ» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቀጥ ይላል። ጓደኛዬ «የልምድ ደብዳቤ አስጽፌ ላምጣልሽ» ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ደብዳቤውን ተይው። አንድ ስልክ ተደውሎ የሚጋለጥ ነገር ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ግርጌውን ብታነቢ ደግሞ ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ እንዲቀርብለት የሚጠይቅ ብዙ ነው። ያንን ከየት ልታመጪ ነው?

ይልቅ የከነከነኝ «ሥራ አይባልም» ያልሽው ነው። ደውዬ ስጠይቅሽ የነገርሽኝን ላስታውስሽ። ገበሬዎቹ ከማና ወረዳ በኩል ጀንፈላቸውን ይዘው ሲመጡ ሚዛኑ አጠገብ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ኪሎውን ትመዘግቢያለሽ፣ በዕለቱ ዋጋ ታባዢያለሽ፣ አስቀድሞ ብር የወሰደ ካለ ትቀንሺበታለሽ፣ ቀሪውን ቆጥረሽ ትሰጫለሽ፣ ማታ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ የቀረውን ብር ከደብተሩ ጋር ሳታስማሚ አትተኚም። ባለፈው ወቅት ደብተሩን ወደ ኤክሴል ያዞርሽውም አንቺ ነሽ። ይሄ ሥራ ካልሆነ የተማርሽው አካውንቲንግ ምንድነው ታዲያ?

እንዲህ ብለሽ ጻፊው፦ «የግዢ መዝገብ ያዥ፣ የቤተሰብ የቡና ንግድ (ያለ ክፍያ)፣ ጅማ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ 2015፣ 2016 እና 2017 ዓ.ም.።» ከሥሩ ሦስት መስመር ይበቃል፣ እያንዳንዱ በሠራሽው ነገር ይጀምር፦ የዕለት ግዢ መዘገብኩ፣ የገበሬዎችን ቅድሚያ ክፍያ ተከታተልኩ፣ የእጅ መዝገቡን ወደ ኤክሴል አዞርኩ። አሁን ደብተሩን አውጪና ቁጠሪ። በቀን ስንት ገበሬ? በወቅቱ ስንት ፈረሱላ? ቁጥሩ ከደብተሩ የወጣ ይሁን፣ በግምት አትጻፊ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚጠይቁሽ እሱኑ ነው። «ያለ ክፍያ» የሚለውንም አትደብቂው፣ ምንም አያሳፍርም።

እውነቱን ልንገርሽና፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሄን እንደ ልምድ ላይቆጥርልሽ ይችላል። እዚያ «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ፈልጊ። የግል ድርጅት ግን፣ በተለይ ቡና ላይ ያለ፣ ይሄን መስመር ሲያይ ቆም ብሎ ያነበዋል።

ከገበሬዎቹ ጋር ሒሳቡን የምትነጋገሪው በአፋን ኦሮሞ ነው አላልሽኝም? ታዲያ የላክሽልኝ ረቂቅ ላይ ቋንቋ የሚለው ቦታ አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ ለምን ሆነ? ጅማ ውስጥ ሥራ እየፈለጉ አፋን ኦሮሞን መርሳት! መጀመሪያ እሱን አስገቢ። ሲቢቲፒ (የዩኒቨርሲቲው ኅብረተሰብ ተኮር ሥልጠና) ላይ ከቡድንሽ ጋር ኅብረተሰቡ ውስጥ ገብተሽ መረጃ የሰበሰብሽውም ይግባ፣ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ካስጻፍሽ የሚሰጡሽን ቅጽ እንዳለ አትቀበዪ። ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ «ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን አስወጪው፤ ሁሉም ሰው ሲቪ ላይ ስላለ ማንም አያነበውም። አንድ ገጽ ይብቃሽ። እንግሊዝኛውን ስታዘጋጂ ደግሞ ዓመቶቹን ቀይሪ። ሰኔ 2016 የተመረቀ ሰው በፈረንጅ ጁን 2024 ነው የተመረቀው፤ 2016 ብለሽ ከተውሽው ከእውነተኛው ስምንት ዓመት ቀድመሽ ተመርቀሽ ቤት የተቀመጥሽ ትመስያለሽ።

ምስክር አድርገሽ አጎትሽን አትጻፊ፣ ዘመድ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ያማከረሽን መምህር ወይም ከአጎትሽ ጋር የሚሠራ፣ መዝገብ ስትይዢ ያየሽ ነጋዴ ጠይቂ። ስልካቸውን ከመጻፍሽ በፊት ግን አስፈቅጂያቸው። በቴሌግራም ስትልኪ በፒዲኤፍ ይሁን፣ ወርድ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ሲከፈት ሊበታተን ይችላል።

ደብተሩን ቆጥረሽ ስትጨርሺ አዲሱን ረቂቅ መልሰሽ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።