በፊት መስመር ለምትሰለፉ ልጆች

ልጆቼ፣ በራግቢ ሊግ ፊት መስመር ላይ መሰለፍ የምትመኙ ሁሉ ዳግላስ ክላርክን እወቁት። እ.ኤ.አ. በ1891 በሰሜን እንግሊዝ ካምበርላንድ ተወልዶ፣ በ1909 የሀደርስፊልድን ክለብ የተቀላቀለ ሰው ነው። ጉልበቱን ያገኘው ከከሰል ንግድ ነው፤ የዚያን ጊዜ አንድ የድንጋይ ከሰል ጆንያ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። በዚያ ላይ የአገሩን ትግል አሳምሮ ያውቃል። ታጋዮቹ ደረት ለደረት ገጥመው፣ አገጫቸውን በባላጋራ ትከሻ ላይ ያሳርፉና እጃቸውን ከጀርባው ያቆላልፋሉ። እጁን የለቀቀ ተሸነፈ።

ታክልም፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ባላጋራ ይዞ መጣል፣ እንዲሁ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ከሩቅ እጁን ይዘረጋል፤ እግሩ ስለሚቆም ኃይሉም እዚያው ያልቃል። በአጫጭር እርምጃ ቅረቡ፤ የፊተኛው እግራችሁ ከባላጋራው እግር አጠገብ ይረፍ፤ በዚያው በኩል ያለው ትከሻችሁ ከወገቡ በላይ፣ ከጎድኑ በታች ይግጠም። ዓይናችሁ ይከፈት፣ ጭንቅላታችሁ በጎኑ ይሁን። ከፊቱ ካስቀደማችሁት ጉልበቱ ወይም ዳሌው ይመታችኋል፤ አንገት የሚጎዳው በዚህ ነው። አውራ ጣታችሁን ከሌሎቹ ጋር አጣብቁ፤ ተከፍቶ ማሊያ ውስጥ ከተያዘ ይሰበራል። ስትወድቁም እጃችሁን አትዘርጉ፤ ሰብስባችሁ ተንከባለሉ።

ሐምሌ 4 ቀን 1914 (እ.ኤ.አ.) በሲድኒ ከአውስትራሊያ ጋር በተደረገው ግጥሚያ የክላርክ አውራ ጣት ተሰበረ። አስሮ ቀጠለ። ከዚያ ከአንገቱ ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንቱ ተጎድቶ ከሜዳ ወጣ። ተቀያሪ የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ ሌሎችም ተጎድተው ብሪታንያ በ10 ሰው እስከ መጫወት ደርሳ 14 ለ6 አሸነፈች። ይህን ጀግንነት አከብራለሁ፤ እናንተ ግን እንዳትደግሙት እለምናችኋለሁ። ዛሬ ተቀያሪ አለ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት ልጅ ያን ቀን ተመልሶ አይገባም።

ክላርክ በ1917 በጦር ሜዳ በመርዝ ጋዝ ተጎዳ፣ ሚሊታሪ ሜዳል የተባለውን የጀግንነት ሜዳልያም ተሸለመ። በ1920 እንደገና አውስትራሊያ ሄደ፤ ለሀደርስፊልድም እስከ 1929 ተጫወተ። እንዲህ ያለ ዕድሜ በሜዳ የሚገኘው አጥንት እስኪጠግን ሲታገሡ ነው። ያ የትከሻ አጥንት ሲሰበር ለመጋጠም ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል፤ ወደ ታክል ለመመለስ ግን እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ሕመሙ በ3ኛው ሳምንት ቢጠፋም ሐኪም ሳያየው ልምምድ አትግቡ።