የጸሐይ ሮቦት ከምን ይጀመራል? ለሐይቋ መምህርት

ከሐይቅ ከተማ የጻፍሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ተማሪዎችሽ ሮቦት እንሥራ እያሉ ወጥረው ይዘውሻል። ኮምፒውተርም በጀትም የለም። በጸሐይ የሚሠራ ትንሽ ነገር ከምን ልጀምር፣ ሌሎችንስ እንዴት ላስገባ ነው ያልሽው። አብሽሪ፣ ይቻላል። እኔ ደሴ ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ከሰፈራችን ልጆች ጋር ይህንኑ ስንሠራ ቆይተናል።

መጀመሪያ ፕሮግራም የሚባለውን ነገር ለጊዜው እርሺው። ካናዳ ያደገው ማርክ ቲልደን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ቢም የሚባል የሮቦት አሠራር አመጣ። ኮምፒውተር የለበትም። ጥቂት ትራንዚስተር (ከረንትን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ዕቃ)፣ ከተጣለ ዕቃ የተፈታ ሞተርና የጸሐይ ብርሃን ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ገበያ ላይ የዋለውን ሮቦሳፒየን የተባለ መጫወቻ የነደፈውም እሱ ነው። ይህን ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትንሽ የሶላር ፓናል ሞተርን በቀጥታ ለማንቀሳቀስ አቅም ያጥረዋል። ስለዚህ ጉልበቱን ካፓሲተር ውስጥ እናጠራቅማለን፤ ቀጭን የቧንቧ ውሃ በጀሪካን አጠራቅሞ በአንዴ እንደመድፋት ነው። ካፓሲተሩ ወደ 2.5 ቮልት ግድም ሲደርስ፣ ብልጭ ድርግም የምትል ኤልኢዲ፣ ማለትም ትንሿ አምፖል፣ ትንሽ ከረንት ታሳልፋለች። እሱ አንዱን ትራንዚስተር ይቀሰቅሳል፣ ያም ሁለተኛውን። ሞተሩ የተጠራቀመውን ይጨርሰዋል፣ ሮቦቱ ፈንጠር ብሎ ይቆማል። ከዚያ እንደገና ይሞላል።

ኤልኢዲዋ ራሷ የምትበራና የምትጠፋ መሆን አለባት። ቀረብ አድርገሽ ስታያት ውስጧ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለ። ቀይዋ ትሻላለች። ትራንዚስተሮቹ 2ኤን3904 እና 2ኤን3906 ናቸው፣ ከነሱ ጋር ከረንት የሚገታ አንድ ባለ 2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር። በነሱ ፋንታ ቢሲ547 እና ቢሲ557 ይሠራሉ፤ ግን የእግራቸው አቀማመጥ የተገላቢጦሽ ስለሆነ አስተውሎ ማዞር ነው። ሞተሩን ከሞተ ስልክ ንዝረት መስጫ ፍቺው። ጫፉ ላይ ያለውን ክብደት አውጥተሽ የሽቦ ፕላስቲክ ብታለብሽው እሱው ጎማ ይሆናል። ካፓሲተር ደግሞ ከማዘርቦርድ፣ ከኮምፒውተር ዋና ሰሌዳ፣ ይገኛል። ባለ 1500 ማይክሮፋራዱን ሦስቱን በፓራለል፣ ማለትም ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ፣ ካያያዝሽ የመያዝ አቅሙ 4500 ይሆናል፣ በቂ ነው። መስመር የተሰመረበት ወገን ኔጌቲቭ ነው። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይና የአሮጌ ቴሌቪዥን ካፓሲተር ግን ልጆች ፈጽሞ እንዳይነኩ። ከሶኬት ተነቅሎም አደገኛ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል።

ሶላሩን ከተበላሸ የሶላር መብራት አውጪው። የካልኩሌተሩ በጣም ደካማ ነው፣ አይሆንሽም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር አለ፤ ሶላሩ ከሚገባው በላይ ሲበረታም ሮቦቱ ይቆማል። ከረንቱ ስለማይቋረጥ ትራንዚስተሮቹ እንደተከፈቱ ይቀራሉ፣ ካፓሲተሩም መሙላት ያቅተዋል። በቀደም ቀትር ላይ አንዱ ሮቦት እንዲህ ሆኖ ባለበት ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ልታየው ጎንበስ ስትል የነጠላዋ ጥላ ፓናሉን ከፊል ሸፈነው። ሞተሩ ዝም አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ፈንጠር አለ። ልጅቷ ጥላዋን ደጋግማ አነሳች፣ ጣለች። ከዚያ ሳልነግራት የፓናሉን ጥግ በፕላስተር ሸፈነችው። ያን ቀን የተማረችውን እኔ በሰሌዳ ላይ ላስረዳት አልችልም ነበር።

ለዚህ ነው አልቆ የሚሄድ ሮቦት ይዘሽ ክፍል አትግቢ የምልሽ። ልጅ ያለቀ ነገር ሲያይ አጨብጭቦ ይሄዳል። ሞተሩ ያልተገጠመበትን ስትሰጪው ግን ልጁ ከቦታው አይነሳም። አንዱን ሮቦት ለሦስት ወይም ለአራት ልጅ ስጪ፤ ብየዳውን ተራ በተራ ይያዙ። ፈጣኑ ልጅ ሁሉንም ልሥራ እንዳይል ቀድመሽ ተናገሪ። ወላጆችን ለማስገባት ደግሞ ከቡና የተሻለ ቦታ አላውቅም። አቦሉ እስኪቀዳ ሮቦቱ በረንዳው ላይ ጸሐይ ያለበት ቦታ ይሁንና ይንቀሳቀስ። እናቶቹ አይተው «እኛ ቤት የተበላሸ አለ» ይላሉ፣ ዕቃ የሚመጣው ያኔ ነው።

አየሩም ያግዝሻል። ሶላር ሲግል ቮልቴጁ ይቀንሳል፤ ደጋ ላይ ቀዝቀዝ ባለ አየርና በጠራ ጸሐይ ጥሩ ይሠራል። እኛ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆንን ከኅዳር ጀምሮ ያለው ወቅት ይመቸናል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡና ጉሙ አያሠራም፤ ያን ጊዜ ዕቃ መፍታቱንና ብየዳውን ልመዱ።

ኤልኢዲዋን ሐይቅ ካጣሽ ደሴ ስትመጪ ወደ ሱቁ ብቅ በይ። ካሉኝ ፓናሎች ውስጥ ሞክረሽ የሚሆንሽን ትወስጃለሽ። ከተማሪዎቹ አንድ ሁለቱን ይዘሽ ብትመጪ ደግሞ የመጀመሪያዋን እዚሁ አብረን እንበይዳታለን።