ጥያቄና መልስ፦ የምትገዙት ጋዝ ስቴሽን ሥር ምን አለ?

ሰላም ወገኖች። በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ነዳጅና ስለ አፈር ናቸው። ሲያትልና ዙሪያዋ ጋዝ ስቴሽን ላይ ያልሠራ ወይም የሚሠራ ዘመድ የሌለው አበሻ ማግኘት ስለሚከብድ አይገርምም፣ በዛ ላይ የዋሽንግተን ስቴት የተበከለ መሬት ጽዳት ደንብ ተሻሽሎ ከጃንዋሪ 1፣ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ስለዋለ ወሬው በዝቷል፣ አንዱ ሕጉ ጠበቀ ይላል ሌላው ላላ ይላል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋዝ ስንሞላ የሚሸተው ነገር ይጎዳል ወይ? ልጄ ሽታውን ስለሚወደው ከመኪና ወርዶ አጠገቤ ይቆማል።

መልስ፦ አይውረድ፣ መስኮቱም ይዘጋ፣ እርስዎም ፓምፑ ራሱ ከቆመ በኋላ አይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ አንድ ወንድማችን ረጅም ጽፏል፣ ሲጨመቅ እንዲህ ነው። ከሲያትል ወደ ደቡብ ባለ ከተማ አንድ ጋዝ ስቴሽን ከነመሬቱ ሊገዛ ነው። ሻጩ እቁብ አብሮት የገባ የሚያውቀው ሰው ነው፣ ዋጋው ከገበያው ዝቅ ያለ ነው፣ ሻጩ ራሱ በክፍያ ስለሚሸጥለት ባንክ የለበትም፣ ስለዚህ "ፌዝ ዋን ምናምን የሚባለው የመሬት ምርመራ ወጪ ምን ያደርግልናል" ተባብለዋል። ታንኩ በ1998 ተቀይሯል፣ ንፁህ ነው የሚል ወረቀትም አለ። ልፈርም ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገና አትፈርም። ይሄን ጥያቄ በተለያየ መልኩ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

መጀመሪያ ሕጉ። እዚህ ስቴት ሕዝቡ በ1988 በድምጹ ያጸደቀው ኢኒሺየቲቭ 97 አለ፣ ሞዴል ቶክሲክስ ኮንትሮል አክት የሚባለው፣ ከ1989 ጀምሮ እየሠራ ነው። ይሄ ሕግ ማን አፈሰሰው ብሎ ብቻ አይቆምም፣ አሁን የማን ነው ብሎም ይጠይቃል። መሬቱ በስምህ ከዞረ አንዲት ጠብታ ባታፈስም ተጠያቂ ነህ። ሲፈስ ባለቤት የነበሩትም ተጠያቂ ናቸው፣ ግን ስቴቱ ሙሉውን ወጪ ከአንዱ ብቻ መጠየቅ ይችላል፣ ከሁሉም በቀላሉ የሚገኘው ደግሞ እዛው ካውንተር ጀርባ የቆመው ሰው ነው። የድሮው ባለቤት ሞቶ ካምፓኒውም ፈርሶ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ የሚቀረው አንተ ነህ።

ታንኩ በ1998 ተቀይሯል መባሉ አንተን ያረጋጋህ ይመስላል፣ እኔን ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። የፌደራሉ መንግሥት በ1988 ባወጣው ደንብ ዝገት መከላከያ የሌላቸው የድሮ ታንኮች እስከ ዲሴምበር 22፣ 1998 ድረስ እንዲሻሻሉ ወይም እንዲወጡ የአሥር ዓመት ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ በ1998 ታንክ ተቀየረ ማለት ከዛ በፊት እዛው ቦታ ተራ የብረት ታንክ ለዓመታት ተቀብሮ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ አዲስ ታንክ ማስገባት ደግሞ የድሮውን አፈር አያጸዳም። ያኔ ታንኩ ሲወጣ ከጉድጓዱ ሳምፕል ተወስዶ ነበር ወይ? ሪፖርቱስ የታለ? ስቴሽኑ እርሳስ ያለበት ጋዝ ይሸጥ በነበረበት ዘመን የሠራ ከሆነ ኢዲቢ የሚባለውንም ኬሚካል ለብቻው ማስመርመር አለብህ፣ ተራው የጋዝ ምርመራ አያሳየውም።

ወረቀቱ ምናልባት የስቴቱ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ኢኮሎጂ የሚሰጠው "ኖ ፈርዘር አክሽን" የሚባለው ደብዳቤ ነው። ዋጋ የለውም አልልም፣ ግን አንብበው። ስለ ታንኩ ጉድጓድ ብቻ ነው ወይስ ስለ ፓምፖቹና ስለ ቧንቧዎቹም? ስለ አፈር ብቻ ነው ወይስ ስለ ከርሰ ምድር ውሃም? አስፋልቱን እንዳትነካ፣ የውሃ ጉድጓድ እንዳትቆፍር የሚል ከመሬቱ ሰነድ ጋር የተመዘገበ ገደብ አለበት? ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላ ፈሶ ከሆነስ?

ትንሽ ቢፈስ ምን አለበት የሚል ሰው ብዙ ነው። ጋዝ ውስጥ ቤንዝን የሚባል ኬሚካል አለ (አገር ቤት ቤንዚን ከምንለው ነዳጅ ጋር አታምታታው)፣ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደው በሊትር 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው፣ የስቴቱ የጽዳት ደንብም ለከርሰ ምድር ውሃ የያዘው ይሄንኑ ቁጥር ነው። አሁን አሜሪካ ውስጥ የሚመረተው ጋዝ ቤንዝኑ በዓመት አማካይ ከ0.62 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ነው የተወሰነው። እስቲ አስላው፣ አንድ ሊትር ጋዝ ውስጥ ወደ 5 ግራም ተኩል ይመጣል፣ እሱ ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ እዛ ገደብ ላይ ለማድረስ ይበቃል። አንድ የላላ የቧንቧ መገጣጠሚያ ለዓመታት ሲንጠባጠብ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ ተነስተህ ገምት።

ፌዝ ዋን የወረቀትና የጉብኝት ሥራ ነው፣ የድሮ ካርታ፣ ፐርሚትና የኢኮሎጂ ፋይል ይታያል፣ አፈር ግን አይነካም። ለጋዝ ስቴሽን እሱ ብቻ አይበቃም፣ የሚቆፈረው ፌዝ ቱ ላይ ነው። መቆፈሪያው በታንኩ ዙሪያ፣ በፓምፖቹ አጠገብና በቧንቧው መስመር ላይ ይወርዳል፣ አፈሩ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ይወጣል፣ ጂኦሎጂስቷ ቱቦውን በቁመቱ በቢላ ትሰነጥቀዋለች። ቡናማ አፈር እየመጣ ድንገት ወደ ግራጫና አረንጓዴ ከተለወጠና ጋዝ ጋዝ ካለ እዛ ጋር ነገር አለ። የትነት መለኪያውን ታስጠጋለች፣ ከዛ ወደ 5 ግራም የሚሆን አፈር ሲሪንጅ በሚመስል ነገር ወግታ ሜታኖል ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ቶሎ ትከታለች፣ ጋዝ ስለሚተን ብትዘገይ ላቡ (ላብራቶሪው) ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ስለዚህ በአካፋ ዝቆ በፌስታል ወደ ላብ መውሰድ ምርመራ አይደለም፣ እንደዛ ያለ ውጤት ካሳዩህ አትቀበል።

ሌላው ዋጋው ነው። ሕጉ ሳያውቅ ለገዛ ሰው መከላከያ አስቀምጧል፣ ግን የሚሠራው ከመግዛቱ በፊት ተገቢውን ምርመራ ላደረገ ሰው ነው፣ እዛ ላይ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ደግሞ የከፈልከው ዋጋ መሬቱ ንፁህ ቢሆን ከሚያወጣው ጋር ሲነፃፀር እንዴት ነው የሚለው ነው። በርካሽ አገኘሁት ያልክበት ዋጋ ነገ አንተው ላይ ይመጣል። ባንክ አለመኖሩንም እንደ ጥቅም አትቁጠረው፣ ባንክ ቢኖር ፌዝ ዋን ሳያይ ገንዘቡን አይለቅልህም ነበር፣ አሁን ያንን ጥንቃቄ የሚያደርግልህ ሰው የለም።

ብክለት ቢገኝ ሁሉም ነገር አበቃ ማለት አይደለም። የተበከለ ስቴሽን ይሸጣል ይገዛል፣ ዋጋው ተቀንሶ፣ ከሻጩ ገንዘብ የተወሰነው ኤስክሮው ላይ (ገለልተኛ ሦስተኛ ወገን እጅ) ተቀምጦ፣ ማን ምን እንደሚያጸዳ ተጽፎ። ፕሊያ የሚባለው የስቴቱ የነዳጅ ታንክ ኤጀንሲም ለጽዳትና ለታንክ ብድርና ግራንት የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፣ ደውለህ መስፈርቱን ጠይቅ። ከፈረምክ በኋላ ሻጩን ከሰህ የጽዳት ወጪህን ማስመለስ ሕጉ ይፈቅዳል፣ ግን እቁብ አብራችሁ የገባችሁ ሰዎች ለዓመታት ፍርድ ቤት ልትካሰሱ ነው። ጠበቃ ያዝ፣ የአካባቢ ሕግ የሚሠራ ጠበቃ እንጂ የግሪን ካርድህን ጉዳይ የጨረሰልህን አይደለም። ይሄን ለወጉ ያህል አይደለም የምልህ፣ ወረቀቱን ጠበቃ ሳያየው አፈሩንም ኮንሳልታንት ሳያየው ብዕር አታንሳ።

ጥያቄ፦ የፈሰሰ ጋዝ በሳሙና አጥበን ወደ ድሬን ብንለቀውስ?

መልስ፦ በፍጹም! የጎርፍ ድሬኑ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ነው የሚሄደው፣ መምጠጫውን በትናችሁ ሰብስቡት።

ጥያቄ፦ አንዲት እህታችን፣ ጋዝ ስቴሽን አጠገብ ያለ ቤት ቤዝመንት ተከራይታ ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። ከክረምቱ ጀምሮ ቤቱ ጋዝ ጋዝ ይላል፣ ልጆቹ ራሳችንን አመመን ይላሉ፣ ባለቤቱ ያልፋል መስኮት ክፈቺ ይላታል።

መልስ፦ ለእሷ ደብዳቤዋን እንዳየሁ መልሼላታለሁ፣ እዚህ የማወጣው ሌላም ሰው ተመሳሳይ ነገር እየሸተተው ዝም ብሎ ተቀምጦ ይሆናል ብዬ ነው። ቤት ውስጥ ጋዝ ከሸተተሽ እሳት አትጫሪ፣ መብራት አታብሪ አታጥፊ፣ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ፣ ከውጭ ሆነሽ 911 ደውዪ። የእሳት አደጋ ሰዎች መለኪያ ይዘው ይመጣሉ። አፈር ውስጥ የገባ ጋዝ እየተነነ በመሠረቱ ስንጥቅ፣ በቧንቧ ዙሪያና በሳምፕ ጉድጓድ በኩል ወደ ቤት ይገባል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ሂተር ሲሠራ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቤቱ ከሥር አየር ይስባል፣ ለዛ ነው በብርድ ጊዜ የሚብሰው። መስኮት መክፈት መፍትሔ አይደለም። ቀጥሎ ለኢኮሎጂ ሪፖርት አድርጊ፣ አስተርጓሚ ጠይቂ። ስቴሽኑም ቢሆን ጎረቤት ቤዝመንት ውስጥ የጋዝ ሽታ መኖሩን ካወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ልጆቹን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው፣ ጋዝ ሲተነፍሱ እንደከረሙም ለሐኪሙ ንገሪው፣ ካልነገርሽው ጉንፋን ነው ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ከሆነ ደግሞ አንድ ሌሊትም እንዳታድሩበት።

ጥያቄ፦ እኛ በ2009 አጽድተን ደብዳቤ ተቀብለናል። አዲሱ ደንብ ቁጥሩን ስላጠበቀው እንደገና ቆፍሩ ይሏችኋል ተባልን፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ይሄን የሚያወሩት ደንቡን ያላነበቡ ናቸው። በ2023 ጸድቆ በ2024 ሥራ የጀመረው ማሻሻያ በዋናነት አሠራሩን ነው የነካው። ሜቶድ ኤ የሚባለው የጽዳት ገደቦች ሠንጠረዥ ላይ ያሉት የምታውቋቸው የነዳጅ ቁጥሮች እዛው ናቸው፣ አፈር ውስጥ ቤንዝን በኪሎ 0.03 ሚሊግራም፣ ጋዝ ቤንዝን ካለበት 30 ከሌለበት 100፣ ናፍጣ 2,000። ወደፊት ቁጥር ቢቀየር እንኳን ኢኮሎጂ የድሮው ጽዳት ሰውንና አካባቢን ለመጠበቅ አይበቃም ብሎ ካልወሰነ በስተቀር ባጸዳችሁበት ጊዜ በነበረው መለኪያ ነው የምትዳኙት። ደብዳቤውንና የላብ ውጤቶቹን ግን አትጣሉ፣ ስትሸጡ ገዢው የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

የተቀየረው ምንድነው ካላችሁ፣ ድሮ ቦታዎች ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸው ነበር፣ አሁን ሻርፕ በሚባል ሌላ አሠራር ነው አደጋቸው የሚመዘነው፣ ቤት ውስጥ የሚገባው ትነት ለብቻው ይታያል። እኔ ከሁሉም በላይ የምፈልገው እንዲሰማ ግን ይሄን ነው፣ ደንቡ አሁን ብክለት የተደራረበባቸውን ሰፈሮችና ተጋላጭ ሰዎችን ከግምት ማስገባት ግዴታ አድርጎታል። እነዚህ ሰፈሮች የኛ ሰው የሚኖርባቸው ናቸው፣ ሬኒየር ቫሊ፣ ዋይት ሴንተር፣ ቱክዊላ። የጽዳት ቁጥሮቹን ክፍል የማሻሻሉ ሥራ ደግሞ ገና የሚቀጥል ነው፣ ረቂቅ ሲወጣ የሕዝብ አስተያየት ይሰበሰባል። እዛ መድረክ ላይ የነዳጅ ካምፓኒ ጠበቃ አይቀርም፣ የኮንሳልታንት ማኅበርም አይቀርም። ሌሊት ካውንተር ላይ የሚያድረው ሰው እና አጠገቡ ቤዝመንት ውስጥ የምትኖረው ሴት ግን የሉም፣ ቁጥሩ ሲወሰን የሚተነፍሱትና የሚጠጡት እነሱ ሆነው። በአማርኛም ቢሆን ሁለት መስመር ጽፋችሁ ላኩ፣ አስተያየታችሁ መዝገብ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ የድሮ ጋራዥ የነበረበት ጓሮ ነው፣ አፈሩ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ጎመን ብተክልበትስ?

መልስ፦ አይተክሉ እናቴ። ከሌላ ቦታ የመጣ ንፁህ አፈር በሳጥን ሞልተው ከመሬት ከፍ አድርገው ይትከሉ፣ የጓሮውን ደግሞ ልጆች እንዳይጫወቱበት ያድርጉና ያስመርምሩት።

ጥያቄ፦ እዚህ ሠርቼ አገር ቤት ማደያ መክፈት አስቤያለሁ። እዛ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም አይደል?

መልስ፦ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ለዝርዝሩ እዛው ያለ ባለሙያ ጠይቅ፣ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሕዝቡ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣበት ከተማ ከሆነ ባለ ሁለት ግድግዳ ታንክ አስገባ፣ ማንም ባያስገድድህም።

ጥያቄ፦ የገዛነው ቤት ጓሮ ውስጥ አጭር የብረት ቧንቧ ከመሬት ወጥቶ አየን። ጎረቤት የድሮ ዘይት ታንክ ነው አለን። እንተወው?

መልስ፦ አትተዉት። ቤቱ ድሮ በዘይት ይሞቅ ከነበረ የሂቲንግ ኦይል ታንክ ነው፣ ውስጡ ዘይት ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር አምጡና ዘይቱን አስመጥጣችሁ ታንኩን አስወጡት ወይም በሕጉ መሠረት አዘጉት፣ ሲያትል ውስጥ ከሆናችሁ ፐርሚቱ ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ነው። አንዳንዱ ኮንትራክተር ፎም ወይም አሸዋ ሞልቶበት "ጨርሻለሁ" ብሎ ይሄዳል፣ ታንኩ ተዘጋ ማለት ግን አፈሩ ታየ ማለት አይደለም። ከታንኩ ሥርና ጎን ሳምፕል ይወሰድ፣ ፈሶ ከተገኘም ፕሊያ ለቤት ባለቤቶች የቴክኒክ እርዳታ ስላለው ደውሉላቸው፣ እና ስትዋዋሉ የላቡ ውጤት ኮፒ ለእናንተ እንዲሰጥ ውሉ ላይ አስጽፉ።