ደብዛዛው ደብዝዞ ይቅር

ጥያቄ፦ በሥነ ሕይወት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ኤምሲኤፍ-7 የተባሉትን የጡት ካንሰር ሕዋሳት ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ሰጥቼ፣ ፒ53 የተባለው ፕሮቲን በኑክሊየሳቸው ውስጥ መጨመሩን በአረንጓዴ ፍሎረሰንት አንቲቦዲ አየሁ። መድኃኒት ያገኙት ደምቀዋል። አማካሪዬ ግን «በቁጥር አምጪ» አሉኝ። ፎቶዎቹ በጄፔግ የተቀመጡ ናቸው። ደብዛዛዎቹን አድምቄ ብለካቸው ችግር አለው? ወይስ የሚከፈልበት ፕሮግራም ልግዛ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እኅቴ፣ ምንም አትግዢ። ፊጂ የተባለው የምስል መለኪያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ዌይን ራስባንድ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሳሉ የሠሩት ኢሜጅጄ ከነተጨማሪ መሣሪያዎቹ ማለት ነው፤ ለሥራሽም ከበቂ በላይ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ጄፔጉ ነው። ጄፔግ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል የፒክስሎቹን ዋጋ ይለውጣል። ዐይን ባያስተውለውም ልኬትን ያበላሻል። ማይክሮስኮፑ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ዋናውን ፋይል ፈልጊ፤ ከጠፋ እንደገና አንሺ። ካሜራው 12 ቢት ከሆነ እያንዳንዱ ፒክስል ከ0 እስከ 4095 ይመዘግባል። 4095 የደረሰ ፒክስል ሞልቷል፤ ከዚያ በላይ የመጣ ብርሃን አይቆጠርም። ስለዚህ የብርሃን መቀበያ ጊዜውን በጣም በደመቀው ስላይድ ላይ፣ ሳይሞላ፣ ወስኚና ለሁሉም ያንኑ ጠብቂ። ደብዛዛው ደብዝዞ ይቅር፤ ውጤትሽ እሱ ነው! በፊጂ የማድመቂያውን ማንሸራተቻ ብትጎትቺ የሚለወጠው እይታው ብቻ ነው። «አፕላይ» የሚለውን ከተጫንሽ ግን ቁጥሩ ራሱ ይለወጣልና አትንኪው።

ኑክሊየሶቹን፣ ዲኤንኤን በሚያቀልመው ዳፒ በተቀባው ሰማያዊ ምስል ላይ ለዪ፤ በአረንጓዴው ብትለዪ ደማቆቹን ብቻ መርጠሽ ትቀሪያለሽ። በፊጂ ውስጥ ያለው የኦትሱ ዘዴ ድንበራቸውን ያወጣል፤ የተነካኩትን ዋተርሼድ የተባለው ትእዛዝ ይለያያቸዋል። ያንን ድንበር ወደ አረንጓዴው ምስል አዛውረሽ አማካዩን ለኪ፤ ሕዋስ ከሌለበት ቦታ የተገኘውን አማካይ ቀንሺ። ከአንድ ሳህን 300 ኑክሊየስ ብትለኪም ሙከራሽ አንድ ነው፤ በተለያየ ቀን ድገሚው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ አጥብቄ የምለምንሽም ይህንን ነው። ዶክሶሩቢሲን ራሱ ያበራል። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ብርቱካናማ ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ የሚከማቸውም ከዲኤንኤ ጋር ተጣብቆ እዚያው ኑክሊየስ ውስጥ ነው። የማይክሮስኮፕሽ የብርሃን ማጣሪያ ሰፊ ከሆነ ይህ ብርሃን በአረንጓዴው ምስል ላይ ይገባና ፒ53 መስሎ ይቆጠራል። መድኃኒት ካገኙትም ካላገኙትም ሕዋሳት የፒ53 አንቲቦዲ ያልነካው፣ በፒ53 አንቲቦዲው ላይ የሚጣበቀው ሁለተኛው ባለቀለም አንቲቦዲ ብቻ የገባበት ስላይድ አዘጋጂ። መድኃኒት ያገኘው ያለ ፒ53 አንቲቦዲም ደምቆ ከታየሽ፣ ካየሽው ድምቀት ከፊሉ የመድኃኒቱ ነው። ያ ከሆነ አማካሪሽን አነጋግሪና ሙከራውን ኢቶፖሳይድ በተባለው ሌላ የካንሰር መድኃኒት ድገሚ። እሱም ዲኤንኤን እየሰበረ ፒ53ን ከፍ ያደርጋል፤ በአረንጓዴው ምስል ላይ ግን እንደ ዶክሶሩቢሲን አያስቸግርሽም።