ዶክተርም መነኩሴም መሆን ለምትፈልግ ተማሪ

የላክሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነሽ። ጉራጌ ውስጥ ካደገ የካቶሊክ ቤተሰብ ነው የመጣሽው። መመንኮስ ትፈልጊያለሽ። «ትምህርቱን ትቼ አሁኑኑ ልግባ ወይስ ልጨርስ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እናትሽ ደግሞ «ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ገዳም ልትቀበሪ ነው?» ብለው ካለቀሱ ወዲህ ቤት ስትደውዪ ስልኩን ለወንድምሽ ያቀብሉታል።

መልሴን ላስቀድም። ጨርሺ። ለምን እንደምልሽ ደግሞ በአንዲት ሴት ሕይወት ላስረዳሽ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆች ነው።

አና ዴንግል ትባላለች። በ1892 ኦስትሪያ ውስጥ፣ ቲሮል በሚባለው ተራራማ አገር ተወለደች። እናቷን ያጣችው ገና በልጅነቷ ነው። ወጣት ሳለች አግነስ ማክላረን ለምትባል አረጋዊት ስኮትላንዳዊት ሐኪም ደብዳቤ ጻፈች። አግነስ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለው ራዋልፒንዲ ለሴቶችና ለሕፃናት ሆስፒታል አስከፍታ ነበር። በዚያን ጊዜ እዚያ ብዙ ሙስሊም ሴቶች ከባዕድ ወንድ ተከልለው ስለሚኖሩ ወንድ ሐኪም አያያቸውም ነበር። ምጥ ሲጠናባት የሚደርስላት ሴት ሐኪም የሌላት እናት ቤቷ ውስጥ ትሞት ነበር። ስለዚህ አግነስ አናን «መጀመሪያ ሐኪም ሁኚ» አለቻት። ዲግሪው በእንግሊዝ ግዛት ተቀባይነት እንዲኖረውም አየርላንድ፣ ኮርክ ሄዳ እንድትማር መከረቻት። በ1913 አግነስ አረፈች። በአካል አልተገናኙም። አና ግን ኮርክ ገባች፣ በ1919 ተመረቀች፣ በ1920 ራዋልፒንዲ ደረሰች።

ያንቺን ጥያቄ የሚመስለው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አና እዚያ ሌትና ቀን ስትሠራ ልቧ ወደ ምንኩስና አዘነበለ። የዚያን ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሕግ ግን ደናግል ሐኪም ሆነው እንዲሠሩና እንዲያዋልዱ አይፈቅድም። አንዱን ምረጪ ነው ነገሩ። ምክር የጠየቀችው ቄስ አዲስ ማኅበር እንድትመሠርት ገፋፋት። መስከረም 30 ቀን 1925 ዋሽንግተን ውስጥ አራት ሴቶች ሆነው የሕክምና ሚስዮን እህቶች ማኅበርን ጀመሩ፤ ሁለት ሐኪሞች፣ ሁለት ነርሶች። የአደባባይ መሐላ ስላልተፈቀደላቸው ያለ መሐላ አብረው እየኖሩ ሠሩ። ሮም የፈቀደችው በ1936 ነው። 11 ዓመት ጠበቁ ማለት ነው።

እስቲ ቅደም ተከተሉን ልብ በዪ። ዲግሪ፣ ሥራ፣ ማኅበር፣ መጨረሻ ላይ መሐላ። ገና በወጣትነቷ የተገኘው ገዳም ገብታ ቢሆን ኖሮ ያቺን ምጥ ላይ ያለች እናት እንድትነካት እንኳ አይፈቀድላትም ነበር። ማዘር ትሬዛም በ1948 መንገድ ላይ ወደወደቁት ድሆች ከመውጣቷ በፊት ሕንድ፣ ፓትና በሚገኘው የእነዚሁ እህቶች ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቀስማለች።

አና በ1980 ሮም አረፈች። ሥራዋ ግን እናንተው ሰፈር አለ። ወልቂጤ አካባቢ ያለውን አጣጥ ሆስፒታል በ1969 የጀመሩት የእሷ ማኅበር እህቶች ናቸው። የእናቶች ማቆያውን ሳታውቂው አትቀሪም። ወሊዷ ያሰጋታል የተባለች ነፍሰ ጡር ቀኗ ሳይደርስ መጥታ ሆስፒታሉ ግቢ ትቆያለች። ምጥ ሲመጣ ቃሬዛ ፍለጋ የለም። ከ1987 እስከ 2008 እዚያ የተደረጉ ከ24 ሺህ በላይ ወሊዶች ተጠንተው ነበር። በማቆያው በኩል ያለፉት 6,800 ያህል ናቸው። የእናቶች ሞት በሕይወት ለተወለዱ 100,000 ሕፃናት ሲሰላ በማቆያው ላለፉት 90 ገደማ፣ በቀጥታ ለመጡት ከ1,300 በላይ ሆነ። በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የሚደርሱ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ነው አልልም። ቢሆንም ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር ያቺን ኮርክ ቁጭ ብላ በባዕድ ቋንቋ አናቶሚ የምታጠና ልጅ አስባለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። የኮስት ሼሪንግ ዕዳሽን ነገር አስቢበት። ሊከፍለው የማይችለው ዕዳ ያለበትን ሰው ማኅበራት እንዳይቀበሉ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ራሱ ይከለክላል። ከገባሽም በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ አለ፣ ከዚያ ቢያንስ ሦስት ዓመት ጊዜያዊ መሐላ። የዘላለሙ ከዚያ በኋላ ነው። ለእናትሽ ይህንን ንገሪያቸው፤ በአንድ ሌሊት የሚዘጋ በር አይደለም።

ሌላው፣ ማኅበር ሁሉ ሆስፒታል የለውም። አስተማሪ የሆኑ አሉ፣ ከጸሎት ቤታቸው የማይወጡም አሉ። መታዘዝን ከማልሽ በኋላ የት እንደምትመደቢ የምትወስኚው አንቺ አይደለሽም። ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት አለቃዋን ፊት ለፊት ጠይቂ፦ «ሐኪም ሆኜ ብመጣ በሕክምናዬ ታሠሩኛላችሁ?» መልሱ «እንጃ» ከሆነ ሌላ ማኅበር እዪ።

ለክረምት እረፍት ስትመጪ ደግሞ እናትሽን ይዘሻቸው አጣጥ ሂጂ። አስፈቅዳችሁ ማቆያው ውስጥ ካሉት እናቶች ጋር ትንሽ ቁጭ በሉ። እናትሽ ከሴቶቹ ጋር በጉራግኛ ይጫወቱ፣ አንቺ ዝም በዪ። ስትመለሱ የተባባላችሁትን ጻፊልኝ።