የፈላ ውሃና አርሴኒክ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ሲሆን፣ ለስምንት ዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጥተናል። አርሴኒክ የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል ሲባል ስለሰማሁ ለልጆቼ እያፈላሁ እሰጣለሁ፤ ይበቃል? የባለቤቴ መዳፍም ስለሻከረ ከመድኃኒት ቤት የገዛውን ቅባት ሲቀባ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ማፍላት ቢሆንም የሚያስጨንቅዎ «ልጆቼን በእጄ መርዤ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ እንደሆነ ይገባኛል። አርሴኒክ በውሃ ውስጥ ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም ስለሌለው ማንም እናት ቀምሳ ልትለየው አትችልም፤ ስለዚህ ራስዎን አይውቀሱ።

ማፍላቱ ግን አይበቃም። እሳት የሚገድለው ተሕዋስያንን ነው፤ አርሴኒክ ከአለት ሟሙቶ ውሃ ውስጥ የገባ ንጥረ ነገር እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ስላልሆነ አይሞትም፣ በእንፋሎትም አይወጣም። ወጥ ብዙ ሲንተከተክ ውሃው እየጎደለ ጨውነቱ እንደሚበረታ ሁሉ፣ ረጅም ጊዜ የፈላ ውሃም አርሴኒኩ ይጠነክርበታል። ክሎሪን አያጠፋውም፤ በነጠላ ማጥለልም አያስቀረውም፤ ወተት ያረክሰዋል የሚለውንም እባክዎ ይተዉት፣ ወተት ለልጆች የሚሰጠው ምግብ ስለሆነ ነው።

በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ጉድጓዶች የአርሴኒክ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በሊትር 10 ማይክሮግራም፣ በልጦ ተገኝቷል። የእርስዎ ጉድጓድ ከእነዚህ አንዱ መሆኑን የሚለየው ምርመራ ብቻ ስለሆነ የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድም አብሮ እንዲለካ ያድርጉ። እስከዚያ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ አፍልተው ይጠቀሙ፤ በጉድጓዱ ውሃ ልብስ ማጠብና ገላ መታጠብ አያሰጋም።

ባለቤትዎን በተመለከተ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅባት መቀባት ሕክምና አይደለም! የመዳፍ መሻከር ከሥራ ሊመጣ ይችላል፤ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ እንደ ኪንታሮት የጠጠሩ እብጠቶች፣ በደረትና በጀርባ ላይም የዝናብ ጠብታ የመሰሉ ጥቁርና ነጣ ያሉ ነጥቦች ካሉ ግን አርሴኒክን እጠረጥራለሁ። የማይድን ቁስል ካለበት ወይም ሽንቱ ደም ከቀላቀለ፣ ለቆዳና ለሽንት ፊኛ ካንሰር መመርመር ስላለበት አንድ ቀን እንኳ አይዘግይ። ምንም ባይኖረውም በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ይየው፤ የቅባቱንም ማሸጊያ ይዞ ይሂድ። የሽንት ምርመራ ከታዘዘለት ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል አስቀድሞ ለጥቂት ቀናት ዓሣ አይብላ፤ ለሐይቅ ዳር ሰው ከባድ ትእዛዝ መሆኑን አውቃለሁ።