ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላ ለምን ደማ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ከጅማ፣ ከሂርማታ ነው የምጽፍልዎ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከድሬዳዋ ሲመለስ ትኩሳትና ቁርጥማት ይዞት መጣ። ወባ የለበትም ተባለና አንድ ክሊኒክ ውስጥ መቀመጫው ላይ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ተወጋ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው «ተመስገን» አልን። በማግስቱ ድዱ ደማ፤ የተወጋበት ቦታ አብጦ ጠቆረ። ሆስፒታል ስንወስደው ደንጊ ነው አሉን። አሁን ድኗል። ግን ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላ እንዴት ይደማል? ልጆቼስ ይተላለፍባቸው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ደንጊ በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው፤ የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው። አደገኛው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ ይጀምራል፤ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ማለት ነው። ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ፈሳሽ ያፈስሳሉ። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌቶችም ይቀንሳሉ። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 በላይ ናቸው፤ በደንጊ ከ20,000 በታች ሊወርዱ ይችላሉ።

በዚህ ሰዓት ጡንቻ ላይ መርፌ መውጋት ውስጥ ለውስጥ ደም እንዲቋጥር ያደርጋል። ዲክሎፌናክ ራሱ ደግሞ የፕላትሌቶችን ሥራ ያውካል፣ ጨጓራንም ያደማል። አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም ያው ናቸው። እኛ አገር ትኩሳት ያለው ሰው ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም፤ ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በልኩ፣ ከዚያ ፈሳሽ በብዛት፤ በቃ።

መድማቱ ሁልጊዜ በድድና በአፍንጫ አይታይም። አልፎ አልፎ የሆድ ግድግዳ ጡንቻ ውስጥ ይደማና ትርፍ አንጀት ይመስላል። ሳይታወቅ ኦፕራሲዮን ቢደረግ ደሙን ማቆም ይከብዳል። ጣፊያ የፈነዳባቸውም አሉ፤ ብርቅ ቢሆንም ያጋጥማል። ዓይን ውስጥ ሲደማ እይታ ይደበዝዛል፤ ባለቤትሽ እንዲህ ካለሽ ዓይን ሐኪም ጋ ውሰጂው። ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ያለ ልክ ሊበዛ ይችላል። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ጥቁር ሰገራ ወይም መፍዘዝ ከታየ ማደር የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ልጆችሽ አብረውት በመብላትና በመተኛት አይያዙም። የሚያስተላልፈው ቀን ቀን የምትነክስ ትንኝ ናት። የምትራባው በበርሜልና በአሮጌ ጎማ በተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ስለዚህ በርሜሉን ክደኑት፣ ጎማውን አስወግዱት።

ባለቤትሽ ወደ ድሬዳዋ መመላለሱ ካልቀረ ግን አንድ ነገር ይወቅ። የደንጊ ቫይረስ 4 ዓይነት ነው። አንዱ ይዞት ቢድንም ሌላው ሊይዘው ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሊጠና ይችላል። ረጅም እጅጌ ይልበስ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ይያዝ። ዳግመኛ ካተኮሰው «ደንጊ ይዞኝ ያውቃል» ብሎ ገና በር ላይ ይናገር።